የገቢ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጅምላ ግድያ ሥጋትን አስመልክቶ ለሚቀርብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ በሕግ እንዲደነገግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከምክር ቤታችሁ የሰዓት ማማ በእግር ጥቂት ደቂቃ ከሚያስኬድ ቤት፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ሆኜ ነው። ለ34 ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜዬን በአብዛኛው ያሳለፍኩት ሰብአዊ መብትን ከሚከታተሉ ወገኖች ጋር በበጎ ፈቃድ ስልክ በመቀበል፣ ቃል በመመዝገብና የተመዘገበውን ቃል ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት በማድረስ ነው። ይህን ያነሣሁት የማቀርበው ጥያቄ ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ምሽት፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ ከሚገኝ ወረዳ አንድ ገበሬ ደወለልኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። የነገረኝ ሦስት ነገር ነው። ባለፈው የገበያ ቀን፣ እህል ሊሸጥ ወጥቶ ሳለ፣ ከእሱ ወገን የሆኑትን ሁሉ «አዝመራውን የምትሰበስቡት እናንተ አይደላችሁም» የሚል ሰው በአደባባይ ተናግሯል፤ ከተናጋሪው አጠገብ የቆሙ የታጠቁ ሰዎችም ዝም ብለው ሰምተውታል። በዚያው ሳምንት ቤት ለቤት እየዞሩ በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ አባወራውም የየት አገር ተወላጅ እንደሆነ የሚመዘግቡ ሰዎች መጥተዋል። ሦስተኛውን ሲነግረኝ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ልጁን ክርስትና ያነሣለት፣ ከሌላው ወገን የሆነ የረጅም ዘመን ጎረቤቱ በጨለማ መጥቶ «አበ ልጅ፣ ልጆቹን ወደ ከተማ ላካቸው» ብሎታል። ገበሬው ልጆቹን ልኮ፣ በሬዎቹን በግማሽ ዋጋ ሸጦ፣ ከሚስቱና ከአሮጊት እናቱ ጋር ቀርቷል።

የነገረኝን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፍኩትና በማግስቱ ጠዋት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ፣ የገቢ ማኅተም መትታ፣ ቁጥር ሰጠችኝ፤ «ተመርቶ ሲወርድ እንደውልልዎታለን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ኃላፊው አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ጊዜ መስክ ላይ ነበሩ፤ በሌላው ጊዜ ደብዳቤው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ፤ በመጨረሻው ጊዜ ክፍሉ ደብዳቤው እንዳልደረሰው ነገረኝ። በ19ኛው ቀን የገበሬው ስልክ መጥራት አቆመ። ከወር በኋላ ከዚያ ወረዳ ሸሽተው የመጡ ሰዎች የሟቾችን ስም ሲያስመዘግቡ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የእሱንም ስም በዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የገቢ ቁጥሩ እስከ ዛሬ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ።

ያቺን ሠራተኛ አልወቅሳትም። የተጣለባት ግዴታ መቀበልና መመዝገብ ነበር፤ ተቀበለች፣ መዘገበች። ከእሷ በላይ ያሉትም ቢሆኑ «በዚህ ቀን፣ በጽሑፍ፣ በስምህ ፈርመህ መልስ ስጥ» ያላቸው ሰው አልነበረም። የምጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። አንድ ሕዝብ በማንነቱ ምክንያት ሊጠቃ እንደሚችል የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ በእጁ የገባ ባለሥልጣን፣ ማኅተሙ ከተመታበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር አጭር ጊዜ ውስጥ ምን እንዳደረገ ወይም ለምን እንዳላደረገ በጽሑፍ እንዲመልስ በሕግ ይገደድ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ስለመከላከልና ስለመቅጣት የወጣውን ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 ሲያጸድቅ፣ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ በሕጓ የተቀበለችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረውንና ሦስት ቀን የዘለቀውን ጭፍጨፋ ካየች ገና 12 ዓመት መሙላቷ ነው። በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመውን ሐውልት በየቀኑ የምናልፍ ሰዎች፣ ያ ፊርማ ከምን ዓይነት ሐዘን እንደመጣ ለመረዳት አንቸገርም። የስምምነቱ ስም መከላከልን ከመቅጣት እንደሚያስቀድምም ልብ በሉልኝ። እኛ ግን በ75 ዓመት ውስጥ ብዙ የደከምነው ለሁለተኛው ቃል ነው።

ለዚያ ለሁለተኛው ቃል የደከምነው ድካም ቀላል አልነበረም፤ ላሳንሰውም አልፈልግም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281፣ ዓለም አቀፉ ስምምነት የተወውን የፖለቲካ ቡድን ጭምር ጠብቆ ነበር፤ የደርግ ባለሥልጣናት በቀይ ሽብር የተጠየቁትም በዚሁ አንቀጽ ነው። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥፋተኝነቱ የተወሰነው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 269 ያንኑ ወንጀል ይቀጣል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ደግሞ እንዲህ ያለው ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፍ ደንግጓል። ይሁንና ሕጉ በሥራ ላይ እያለ፣ አንቀጽ 281ም በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ እያለ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ ሆኗል። የቅጣት ሕግ ብቻውን የማንንም በር ጠብቆ አያውቅም።

መከላከል መቼ እንደሚጀምር ደግሞ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 2007 በቦስኒያና በሰርቢያ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ላይ በማያሻማ ቋንቋ ተናግሯል። ግዴታው የሚወለደው ግድያው ሲጀመር እንዳልሆነ፣ መንግሥት ከባድ ሥጋት መኖሩን ካወቀበት ወይም በተለመደው አካሄድ ማወቅ ከነበረበት ቅጽበት ጀምሮ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ አስረድቷል። ከመንግሥት የሚጠበቀውም የተሳካ ውጤት ሳይሆን በእጁ ያለውን አግባብ ያለው መንገድ ሁሉ መሞከሩ ነው። ሰርቢያም በቦስኒያዋ ከተማ በስሬብሬኒሳ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት ለመከላከል አልጣረችም ተብላ ኃላፊ ሆናለች። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ያንን የገቢ ማኅተም ነው። እኛ «ተቀብለናል» ለማለት የምንመታው ማኅተም በሕግ ዓይን ሲታይ «ዐውቀናል» የሚል ቃል ነው፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀንም ግዴታው የጀመረበት ቀን ነው።

ማስጠንቀቂያ ሳይጠፋ መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከሩዋንዳ በላይ የሚያሳይ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር ባክሬ ዋሊ ንዲያዬ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 አገሪቱን ጎብኝተው፣ በነሐሴ ወር ባወጡት ሪፖርት ቱትሲዎች ላይ ይፈጸም የነበረው ግድያ በዘር ማጥፋት ስምምነቱ ሥር ሊታይ እንደሚችል ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1994 ደግሞ የሰላም አስከባሪው ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ኒው ዮርክ ላለው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ቴሌግራም ላኩ። መሣሪያ የተደበቀበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው እንዳገኙ፣ ሰውየው በኪጋሊ ያሉ ቱትሲዎችን እንዲመዘግብ እንደታዘዘ፣ በሰውየው ሥር ያሉት ታጣቂዎችም በ20 ደቂቃ ውስጥ እስከ 1,000 ሰው ሊገድሉ የሚችሉ መሆናቸውን ገለጹና መሣሪያውን ለመያዝ እንዳሰቡ አስታወቁ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ይህ ከተልዕኮው ወሰን ውጭ ነውና አታድርገው የሚል ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግድያው ጀመረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት ጦሩን እንዲያጠናክር ሲጠበቅ ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ፤ በ100 ቀን ውስጥም 800,000 ያህል ሰው አለቀ። የእኛ አገር ወታደሮች ሩዋንዳ የገቡት በነሐሴ ወር፣ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ነበር።

እነዚህ ቀኖች በዚህች ከተማ በደንብ ይታወቃሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ኬቱሚሌ ማሲሬ የሚመራ የታላላቅ ሰዎች ጉባኤ አቋቁሞ፣ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2000 ያ ዕልቂት ሊገታ ይችል እንደነበር በዝርዝር አሳይቷል። በዚያው ዓመት በሎሜ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ በአንቀጽ 4(ሸ) ኅብረቱ የዘር ማጥፋት ወንጀል በሚፈጸምበት አባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት እንዲኖረው አደረገ። የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ ፕሮቶኮልም አህጉራዊ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መሠረተ፤ የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከል የሆነው ሴዋርንም መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የኅብረቱ አዲስ ሕንፃ የቆመው ደግሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ግቢ ላይ ነው፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. 60 የንጉሡ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ የተገደሉበት፣ በኋላም የብዙ ወጣት ደም የፈሰሰበት ስፍራ ነው። አፍሪካ ማስጠንቀቂያ የምትቀበልበትን ክፍል በዚያ መሬት ላይ መሥራቷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከሎሜ ስብሰባ ወዲህ የታየው ነገር ያው የእኔ የመዝገብ ቤት ታሪክ ነው፤ የተቀባዩ ክፍል እየሰፋ ሲሄድ የመላሹ ወንበር ባዶ ነው።

ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚለው ቃል በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ገበሬው ሳይቀር ያውቀዋል። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ረሀብ በአንድ ሌሊት እንደማይመጣ ተረድተን ምልክቱን መቁጠር ጀመርን። የበልግ ዝናብ መቅረቱን፣ የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ መውጣቱን፣ ገበሬ የእርሻ በሬውን መሸጡን፣ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መንገድ መውጣቱን መዝግቦ ማቅረብ የሠለጠነ ሙያ ሆነ። ነገር ግን ሙያው ብቻውን ሰው አላዳነም። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ለዓለም ለጋሾች የሚመጣውን ዕልቂት በቁጥር አስደግፎ ተናግሮ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ለጋሾቹም ቁጥሩን ተጠራጠሩት። ምልክቱ በሙሉ ተመዝግቦ፣ ተባዝቶ፣ ተሠራጭቶ ሳለ ሰዉ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በድርቅ ረገድ የተሻልነው ዝናቡን በተሻለ ስለምንለካ ብቻ ሳይሆን፣ ምልክቱ ሲታይ ማን፣ ስንት ኩንታል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያወጣ አስቀድሞ ስለሚታሰብበት ነው።

የጅምላ ግድያም እንደ ድርቅ የሚነበብ ምልክት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት መከላከል ልዩ አማካሪ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የመተንተኛ ማዕቀፍ 14 የሥጋት መነሻዎችን ዘርዝሯል፤ ያልተቋጨ የቀድሞ በደል፣ የተዳከመ የፍትሕ ተቋም፣ ግፍ ለመፈጸም የሚያስችል አቅም፣ የዝግጅት እርምጃ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እኔ ግን ከማዕቀፉ ይልቅ ከስልኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ግድያ በሚቀርብበት አካባቢ መጀመሪያ የሚለወጠው ገበያው ነው። አንዱ ወገን ወደ ሌላው ገበያ መምጣት ያቆማል፤ አንዱ ከሌላው ወፍጮ ቤት አያስፈጭም። ቀጥሎ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ የሚቀሩት ግን ሁሉም ሳይሆኑ የአንድ ወገን ልጆች ብቻ ናቸው፤ መምህሩም ስም ሲጠራ በመዝገቡ ላይ ያየዋል። ከብት በርካሽ ይሸጣል፤ ዝናብ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከብት የሚረክስ ከሆነ ነገሩ ከሰማይ አልመጣም ማለት ነው። የቤት አከራይ ያለ ምክንያት «ቤቱን ልቀቅ» ይላል። መታወቂያ ላይ የተጻፈው ብሔር በኬላ መጠየቅ ይጀምራል። በዕድር ጥሪ ላይ የማይደርሱ ቤቶች ይኖራሉ። ንግግሩም ይለወጣል፤ ጎረቤት የነበረው «መጤ» ይባላል፣ ከዚያም የነፍሳትና የአውሬ ስም ይወጣለታል፤ በሩዋንዳ «በረሮ» እንደተባለው፣ በእኛም ዘመን ወጣቱ ሁሉ «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ «ነጻ እርምጃ» እንደታወጀበት። በመጨረሻም ስልኩ ራሱ ይቋረጣል። ከአንድ አካባቢ ድንገት ወሬ መጥፋቱን እንደ ሰላም የሚቆጥር ሰው ካለ፣ እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነጋሁ ልነግረው ፈቃደኛ ነኝ።

ማስጠንቀቂያ መልስ ካገኘ ሰው እንደሚያድን በቤቴ አይቼዋለሁ። በ1970 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። አንድ ሌሊት በቀበሌው ጥበቃ የነበረ፣ እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ የምትልክለት ሰው፣ በጓሮ በኩል መጥቶ መስኮቱን በቀስታ መታ። የታላቅ ወንድሜን ስም በዝርዝር ላይ እንዳየ፣ ነገ ማታ አሰሳ እንደሚወጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሯት ሄደ። እናቴ አልጠየቀችም፣ አላለቀሰችም፤ ጎህ ሳይቀድ ወንድሜን የእህል ነጋዴ አስመስላ ከመርካቶ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ አሳፈረችው። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ያው ሰው በዚያው ሌሊት ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ሌላ መስኮት መታ። እዚያ ቤት ያሉት አባት «ልጄ ምንም አላደረገም፣ ምን ያደርጉታል» ብለው ነገሩን እስኪነጋ አሳደሩት። በሳምንቱ ልጃቸውን ያገኙት አስከሬን ከሚጣልበት መንገድ ዳር ነው። የሁለቱ ቤቶች ማስጠንቀቂያ አንድ ነበር፤ የለያቸው መልሱ ነው። በመስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስጎበኝ፣ በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች መካከል ያንን ልጅ እየፈለግሁ ብዙ ጊዜ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሙዚየሙ ከሚገኝበት ፊት ለፊት፣ በዚያው አደባባይ ላይ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሲከሰከሱ ታይተዋል። ከዚያ የበለጠ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ምን ሊኖር እንደሚችል አላውቅም።

ስለ ቅርቡ ዘመናችን ስናገር ቃሌን እየመዘንኩ ነው። ማይ ካድራ፣ አክሱም፣ መተከል፣ ቶሌ፣ መራዊ፤ እነዚህን ስሞች በአንድ ትንፋሽ የምጠራቸው ሆን ብዬ ነው። ከእኛ መካከል ሁለቱን ጠርቶ ሦስቱን የሚተው፣ ወይም ሦስቱን ጠርቶ ሁለቱን የሚክድ በዝቷል። የዘር ማጥፋት የሚለውን ቃል ለራሳችን ሟች ስንለምነው፣ ለሌላው ሟች ስንነፍገው ዓመታት አለፉ። የትኛው ድርጊት በሕግ በዚያ ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ማስረጃ መርምሮ የሚፈርድ ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚያም ጊዜና ነጻነት ያስፈልገዋል። መከላከል ግን ስሙ እስኪወጣለት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ መንግሥት ቃል አቀባዮች ያንን ቃል ላለመናገር ሲጠነቀቁ፣ በኪጋሊ መንገዶች ላይ ሰው እየተቆረጠ ነበር። ቃሉ የሚያስከትለውን ግዴታ ስለፈሩ ቃሉን ሸሹ። እኛ ደግሞ ቃሉን እንደ ድንጋይ እየተወራወርን ግዴታውን ረሳነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ለዚህም ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ መልስ ሊሰጥበት የሚገባው ነገር «ይህ የዘር ማጥፋት ነው ወይ» የሚለው ሳይሆን «በዚህ ወረዳ፣ በዚህ ሳምንት፣ እነዚህን ሰዎች ለመጠበቅ ምን ተደረገ» የሚለው ነውና።

ማስጠንቀቂያውን የሚያመጡት ሰዎች ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ከተመሠረተበት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ዘመንም ከዚያ በኋላም፣ በየወረዳው የሞተውንና የተፈናቀለውን በስም እየመዘገበ መግለጫ አውጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ሲከለከሉ፣ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ቢሮ ዘግተው ሠራተኛ በትነዋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ክልከላ ቢያነሣም፣ በየቀበሌው የነበረውን ዓይንና ጆሮ መልሶ ማቋቋም የአንድ አዋጅ ሥራ አይደለም። ዛሬ ቃል ለመስጠት የሚደውልልኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስሜ ይወጣል?» ብሎ ነው። አንድ መምህር ከክፍሉ የቀሩትን ልጆች በመቁጠሩ ሁከት ቀስቃሽ እንዳይባል፣ አንዲት ነርስም የቆሰሉትን በመመዝገቧ ከሥራ እንዳትባረር ካልተጠበቁ፣ ማስጠንቀቂያው ከመነሻው ይደርቃል።

በሐሳቤ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹም ተገቢ ናቸው። የሐሰት ወሬ ይመጣል፤ በእርግጥ ይመጣል። አንዱ ወገን ሌላውን ለመክሰስ ማስጠንቀቂያን መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ መልሱ ማስጠንቀቂያን መናቅ ሳይሆን መመርመር ነው፤ «አጣርተናል፣ እውነት ሆኖ አላገኘነውም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤም መልስ ነው፤ የተደናገጠውንም ሕዝብ ያረጋጋል፤ ሐሰተኛውንም ያጋልጣል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከ1,000 በላይ ሰው ካለቀባት ወዲህ፣ ተራው ዜጋ በስልክ አጭር መልእክት ሥጋቱን የሚልክበትን፣ ባለሙያ አጣርቶ ለአካባቢው ሽማግሌና ለፖሊስ የሚያደርስበትን መንገድ ዘርግታለች። የጸጥታ ምስጢር ይወጣል የሚሉም አሉ። የጦር ሠራዊት አሰላለፍ ይታተም ያለ የለም፤ የተጠየቀው መልስ መሰጠቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ስለሚከለክል ይበቃል ለሚሉኝ ደግሞ፣ ያ ሕግ የሚመለከተው ተናጋሪውን ነው፤ እኔ የምጠይቀው ሰሚውን የሚመለከት ሕግ ነው እላቸዋለሁ።

አባቶቻችን ሰሚውን የሚያስገድድ ሥርዓት ነበራቸው። በአፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ በአውጫጭኝ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ የሚያውቅ እንዲናገር፣ የሰማ እንዲመሰክር ይደረጋል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ቤት መቀመጥ ራሱ ጥፋት ነበር። ያ ሥርዓት የሚሠራው ግን ሌባው ከሰረቀ፣ ገዳዩ ከገደለ በኋላ ነው። ያንኑ ግዴታ ከግድያው በፊት እናምጣው፤ የሚጠራውም ገበሬው ብቻ ሳይሆን ማኅተም የያዘው ሰው ይሁን።

ስለዚህ ምክር ቤቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንን ያቋቋመውን፣ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 የተሻሻለውን ሕግ እንደገና ተመልክቶ፣ ወይም ራሱን የቻለ አዋጅ አውጥቶ እንዲህ እንዲደነግግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከኮሚሽኑ፣ ከተመዘገበ የመብት ድርጅት ወይም ከአካባቢው ነዋሪዎች በጽሑፍ የደረሰን የጅምላ ጥቃት ማስጠንቀቂያ የተቀበለ የፌዴራልም ሆነ የክልል ባለሥልጣን በ3 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መልስ፣ በ14 ቀን ውስጥ የተወሰደውን እርምጃ የሚገልጽ መልስ በስሙ ፈርሞ ይስጥ። የማስጠንቀቂያው ቀን፣ ወረዳውና የመልሱ ቀን በአንድ መዝገብ ይያዝና የጠቋሚው ስም ሳይወጣ በየሦስት ወሩ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ በመዝገቡ ላይ ከማስጠንቀቂያው ትይዩ ያለው የመልስ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ኃላፊው በቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያስረዳ። ጠቋሚውም በጥቆማው ምክንያት እንዳይከሰስ፣ ከሥራም እንዳይነሣ ጥበቃ ይደረግለት። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ ያለፈውን በደል ለመመርመር የሚቋቋሙ ተቋማት በየወረዳው ምርመራ ሲያደርጉ፣ መልስ ሳይሰጣቸው የቀሩ ማስጠንቀቂያዎችንም ከየመዝገብ ቤቱ እንዲሰበስቡ ይታዘዙ፤ በየመደርደሪያው ላይ እንደተኙ አውቃለሁና።

ይህን ደብዳቤ በአካል መጥቼ ለምክር ቤቱ መዝገብ ቤት አስገባለሁ፤ የገቢ ቁጥሩንም ተቀብዬ በዚያው ማስታወሻ ደብተር ላይ፣ ከቀድሞው ቁጥር ሥር እጽፈዋለሁ። መልሱን ለመቀበል በማንኛውም የሥራ ቀን አራት ኪሎ ብጠራ እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር

ግልባጭ፤
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
አዲስ አበባ